መልኩን ይቀይራል፣ ሰኮናውን ግን አይችልም

የተጠየቅኩት ይህን ነው። «የዱንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ እመራለሁ፤ የ2014ቱን አምስተኛ እትም። 4 ተጫዋቾች አሉኝ፣ ሁሉም ሌቭል 5 ናቸው። ታሪኩ በረሃ ዳር ባለች የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ ውስጥ ነው። ሞቶ የተነሳ፣ የሰው መልክ ይዞ ከሰው ጋር የሚኖር ጭራቅ ፈጠርኩ። ስድስት ሳምንት የሚያጫውተን ምስጢር ይሆናል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ፓላዲኗ ‹ዲቫይን ሴንስ› አለች፣ አለቀ። 20 ደቂቃ እንኳን አልሞላም። እንደ አዲስ ልሠራው ነው፤ ከየት ልጀምር? ከእኛው ቡዳ ብነሳስ?»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ይህ መሪው ታሪኩን እየነገረ፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየወረወሩ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ሌቭል የገጸ ባሕርይው የብቃት ደረጃ ነው። ፓላዲን ቅዱስ ተዋጊ ናት፤ ዲቫይን ሴንስ አጠገቧ ያለ አንዴድ፣ ማለትም ሞቶ የተነሳ ፍጡር፣ የት እንዳለ የሚነግራት ችሎታዋ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፓላዲኗን አትቅጣት። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው «ይሄኛው በዲቫይን ሴንስ አይታይም» ብሎ ይጽፍና ይገላገላል። ወይም ዶፕልጋንገር የሚባለውን መልክ ቀያሪ ጭራቅ ይወስድና ሬሳ አስመስሎ ያቀርበዋል። ዶፕልጋንገር አንዴድ ስላልሆነ ችሎታው አይነካውም። ልጅቷ ግን ያን ችሎታ ይዛ የምትዞረው ለእንደዚህ ዓይነት ማታ ነው። ማታው ሲመጣ ከነጠቅካት ሌላ ጊዜ አታምንህም።

ጭራቅህ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ማን ነው?» የሚል። እሱ ሲመለስ ሌላ የሚጠየቅ አልቀረም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ማንነቱን ካወቁ በኋላ ገና የሚከብድ ነገር ያስፈልግሃል። እኔ መልክ ቀያሪ ስሠራ ሊቀይረው ከማይችለው ነገር እጀምራለሁ። ሞቶ ያላረፈ ከሆነ ደግሞ ሁለት የማይቀየር ነገር አለው። አንዱ ገላው ላይ ነው። ሌላው ጊዜው ነው። የሞተ ሰው ሰዓቱ ቆሟል። የማንንም ፊት ቢለብስ፣ የሚያውቀው ዓለም በሞተበት ቀን የነበረው ነው።

መነሻህን ጉል፣ ሬሳ በሊታውን ጭራቅ፣ አድርገው። የጨዋታውን ጉል ታውቀዋለህ። 22 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ)፣ የሚያደነዝዝ ጥፍር፣ ሌቭል 5 ቡድን ቁጭ ብድግ ሳይል የሚጥለው። ከ1974ቱ የመጀመሪያ እትም ጀምሮ የሚታወቀው በማደንዘዙ ነው፤ ያኔም ቢሆን ኤልፎች አይደነዝዙለትም። ግን ወደ ጨዋታው ሲገባ ትልቁን ነገሩን መንገድ ላይ ጥሎት ነው የመጣው። በአረቦች ተረት ጉል መልክ ቀያሪ ነው። «ተገወለ» የሚለው የአረብኛ ግስ ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ መልክን መለዋወጥ ማለት ነው። በረሃ ላይ በሰው መልክ ለመንገደኛ ይታያል፣ ከመንገዱ ያስወጣዋል፣ ይበላዋል። እግሩ ግን የአህያ እግር ሆኖ ይቀራል። በ10ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ አል መስዑዲ ይህን እግር ያነሳዋል።

ሌላም አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ጉል አንድ ጊዜ ከተመታ ይሞታል። ሁለተኛ ከመታኸው ይነሳል። ከእስልምና በፊት የነበረው ገጣሚ ታአበጠ ሸራን ጉል እንደገደለ በግጥሙ ይናገራል። ወድቃ ሳለች ድገመኝ ትለዋለች። እሱ ግን እምቢ ይላል። ይህን ሳነብ የታየኝ የራሴ ጠረጴዛ ነው። ተጫዋች ሁሉ የወደቀ ጭራቅን «ለማንኛውም አንድ ጊዜ ልድገመው» ይላል። እንዲህ ያለ ልማድ ላይ ወጥመድ የሚዘረጋ ተረት እጅህ ላይ አለ።

ከእግሩ እንጀምር። ሰኮናውን ለማሳየት አትቸኩል። በዙሪያው ያለውን አሳይ። እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከበረሃ የተመለሰ ወጣት አለ። አያቱ በከተማው የተከበሩ ሴት ናቸው፤ የመንገደኞች ማደሪያ አላቸው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው ደጅ ላይ ይጠብቁታል። ከመንገድ የመጣን ሰው እግር ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልጁ አያቱን አቅፎ ይስማል፣ ያለቅሳል። ጫማውን ግን አያወልቅም። «እግሬ ቆሳስሏል፣ ነገ» ይላል። በማግስቱም ነገ ይላል። ሳፋው ደጅ ላይ ይከርማል። ውሃው ላይ አቧራ ይተኛበታል። ተጫዋቾቹ በገቡ በወጡ ቁጥር ሳፋውን ጥቀስ፤ ሌላ ምንም አትበል። በሦስተኛው ቀን አንዱ «ለምን አይነሳም ይሄ ሳፋ?» ይልሃል።

ጊዜው ላይ ስትደርስ አማርኛ ራሱ ይሠራልሃል። በእንግሊዝኛ ብትጫወቱ ይህን ፍንጭ አታገኘውም። ሁሉም ሰው «ዩ» ነው። በእኛ ቋንቋ ግን አንቺ፣ አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ አለ። ሰው ፊቱን ቢቀይር የሚያውቃቸውን ሰዎች የሚያስቀምጥበት ቦታ አይቀየርም።

በእኔ ታሪክ ጉሉ የሞተው ከ60 ዓመት በፊት ነው። የአያቲቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ጨው ጭኖ ሄዶ በረሃ ላይ ቀረ። ጓደኞቹ ጭነቱን ተካፈሉና «ሸጦ ጠፋ» ብለው መጡ። ቤተሰቡ አፈረ። አልተለቀሰለትም፣ ስሙም አልተነሳም። እህቱ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ከ60 ዓመት በኋላ የልጅ ልጇ በዚያው መንገድ አለፈ። ጉሉ በላው፣ ፊቱን ለበሰ፣ ወደ ቤቱ መጣ።

ልብ በል፣ ወደ ቤቱ ነው የመጣው። ለእኔ ጭራቁ ጭራቅ የሆነው እዚህ ጋ ነው። የናፈቀው እውነት ነው። የበላውም እውነት ነው።

ልጁ አያቱን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የሚላቸው። ጉሉም ይህን ያውቃል፤ ከበላው ሰው የመጨረሻ ቀናት ትዝታ ያገኛል ብያለሁና። አንድ ማታ ግን አሮጊቷ ስለ ድሮ ሲያወሩ እንባቸው መጣ። በጉሉ ድምፅ ለዘብ ብዬ «ተይ ሚጡዬ፣ አታልቅሺ» አልኩና ወሬውን ቀጠልኩ። ትኩረት እንዳይስብ ድምፄን አልቀየርኩም። ሮጓን፣ ማለትም ሌባዋን ገጸ ባሕርይ፣ የምትጫወተው ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ቆይ። አያቱን አንቺ አላት?» አለች። ሌላው «ሚጡዬ ማነች?» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ዳይስ ማንም አልነካም። ለዓመታት ጨዋታ ስመራ ከጻፍኳቸው ድግምቶች ሁሉ ያቺ አንዲት «ተይ» የበለጠ አስደነገጠቻቸው።

ይህ እንዲሳካ አንድ ሥራ አለብህ። ከዚያ ማታ በፊት ልጁ አያቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንቱ ሲላቸው ይሰሙ። ያልተሰማ ልማድ ቢሰበር ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ ፓላዲኗ እንመለስ። የዲቫይን ሴንስ ሕግ እንዲህ ይላል። በ60 ጫማ ውስጥ፣ ሙሉ ከለላ ጀርባ ያልሆነ አንዴድ የት እንዳለ ታውቃለች። ዓይነቱን ታውቃለች፣ ማንነቱን አታውቅም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለአንተ እንደተጻፈች ቁጠራት። በመጀመሪያው ማታ ችሎታዋን ስትጠቀም ሳትሸሽግ ንገራት። «አዎ። ሳፋው አጠገብ የቆመው ልጅ አንዴድ ነው። አያቱ ግንባሩን እየሳሙት ነው።» ከዚያ ዝም በል።

ምን ታደርጋለች? ሰይፏን ብትመዝዝ በከተማው ፊት ከሞት መንገድ የተመለሰ ልጅን የገደለች እንግዳ ናት። ለአያቱ ብትነግራቸው ማን ያምናታል? ያለ ማስረጃ የምታውቀው ነገር በእጇ አለ። ያንተ ስድስት ሳምንት እዚህ ነው ያለው። ጭራቁ የትኛው እንደሆነ ታውቋል። በማን ገላ እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ፣ ለአሮጊቷ እንዴት እንደሚነገር ገና አልታወቀም።

ማስረጃውን ደግሞ የሚጨበጥ አድርገው። እኔ መንጋጋ አደረግኩት። የእውነተኛውን ልጅ ሬሳ ሲራራዎች በረሃ ላይ ያገኙታል፤ የታችኛው መንጋጋው የለም። ሁለት ጥቅም አለው። ስፒክ ዊዝ ዴድ የሚባለው ሬሳን የሚያናግር ድግምት የሚሠራው አፍ ላለው ሬሳ ብቻ ስለሆነ፣ ክለሪኩ (ካህኑ ገጸ ባሕርይ) በአንድ ድግምት ታሪኩን አይጨርሰውም። ሕግ ሳትሰብር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ «ለምን መንጋጋ ብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ጉሉ አንገት ላይ ባለች የቆዳ ከረጢት ውስጥ አለ። ድምፁን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ከረጢቷን የነጠቀው ሰው ፊቱን ባይገፈውም ድምፁን ይገፈዋል። ሰው በተሰበሰበበት ቢሆን አስበው። የ20 ዓመት ልጅ ፊት ላይ የ60 ዓመት አቧራ የሚመስል ድምፅ።

ስም መጥራትንም ጨምርለት። አያቴ ሌሊት ስምህ ከውጭ አንዴ ብቻ ቢጠራ አቤት እንዳትል ትለኝ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒም ስለ ጅብ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ጅብ በእረኞች ጎጆ አካባቢ የሰው ንግግር ያስመስላል፣ የአንዱን ስም ይለይና ጠርቶ ያስወጣዋል፣ ይበላዋል ይላል። መቃብር እንደሚቆፍርም ይናገራል። ከጅብና ከኢትዮጵያ አንበሳ ተወለደ የሚለው ኮሮኮታ የተባለ ፍጡርም አለው፤ እሱም የሰውና የከብት ድምፅ ያስመስላል። ስለዚህ ለጉልህ ይህን ስጠው። ሌሊት የአንዱን ገጸ ባሕርይ ስም አንድ ጊዜ ይጠራል። ተጫዋቹ በገጸ ባሕርይው አፍ አቤት ካለ 13 የሚጠይቅ የዊዝደም ሴቭ፣ ማለትም በጥበብ የመቋቋሚያ ዳይስ፣ ይወረውራል። ከወደቀ ወደ ድምፁ ይሄዳል። ዝም ካለ ምንም አይሆንም። ቀን ላይ አንዲት ሴት ልጇን «ሌሊት አቤት አትበል» ስትል ያሰማቸው።

ቡዳን ግን ተወው። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሬሳ ከመቃብር ያወጣል መባሉን አውቃለሁ። ለጨዋታ የተሰፋ ይመስላል። ቃሉ ግን የተጣበቀው በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጠይቡ፣ ቤተ እስራኤሉ ቡዳ ተብሏል። በዚህ ምክንያት አብሯቸው ያልበላ፣ ያላገባ፣ ከዚያም የከፋ ያደረገ ሰው ብዙ ነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ጅብ ነህ ብሎታል። አንተ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ልጅ አያት ማን እንደነበሩ አታውቅም። ጭራቅህ «በመካከላችን የተደበቀ ዘር» ከሆነ ያንን ክስ እንደገና ማጫወትህ ነው። ጉሉን የአንድ ሰው ታሪክ አድርገው። አንድ ስም፣ አንድ ቤት፣ አንድ የተበደለ ሞት። ጅቡን ከወደድከው ጅቡ ራሱ ይበቃል።

ቁጥሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ቻሌንጅ ሬቲንጉን፣ ማለትም የአስቸጋሪነት ደረጃውን፣ 5 አድርገው። የዲኤሙ (የጨዋታ መሪው) መጽሐፍ ለዚህ ደረጃ አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር) 15፣ ከ131 እስከ 145 ሂት ፖይንት፣ ለመምታት 6 ጭማሪ ይላል። እኔ ሂት ፖይንቱን ለሁለት ከፈልኩት። 8 ባለ 8 ገጽ ዳይስና 32 ጭማሪ፣ በአማካይ 68። ከተነሳ ሌላ 68። ድምሩ 136 ነው፤ ክልሉ ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ በጥፍር፣ እያንዳንዱ በአማካይ 10፤ አንድ ጊዜ በንክሻ፣ 12። ለደረጃው ትንሽ ያንሳል፤ ማደንዘዙ ያካክሰዋል። የማደንዘዙን ሴቭ ከ12 አታሳልፈው። ደንዝዞ ሦስት ዙር የተቀመጠ ተጫዋች ስልኩን ያወጣል። አንዴ ስልኩን ካወጣ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

«ብቻውን ነው» ብለህ ሁለት ተራ ጉል እንዳትጨምርለት። የልምድ ነጥባቸው 1800፣ 200፣ 200፤ 2200 ይሆናል። ጭራቆቹ ሦስት ሲሆኑ በ2 ይባዛልና 4400። ለ4 የሌቭል 5 ገጸ ባሕርያት «ገዳይ» የሚባለው መስመር እሱ ነው። በምትኩ አንድ ሪአክሽን፣ ከተራው ውጭ የሚያደርገው ምላሽ፣ ስጠው። አንድ ሰው ሊመታው ሲል የልጁን ፊት ይመልሳል፤ ጥቃቱ በዲስአድቫንቴጅ ይወረወራል፤ ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ትንሹ ይያዛል። አብረውት እራት የበሉት ፊት ነው፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ያምርበታል።

ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ካላችሁ ሙንቢም የሚባለው ድግምት ሴቩን የወደቀ መልክ ቀያሪን ወደ ራሱ መልክ ይመልሳል፤ ይመልሰው። ክለሪኩ ተርን አንዴድ (ሙታን ማባረሪያ ችሎታው) ካለና ሴቩን ከወደቀ ይሽሽ። የድንጋይ መንገድ ላይ የሚሰማው ግን የሰኮና ኮቴ ይሁን።

ሁለተኛው ምት ላይ ግን እንጠንቀቅ። ሕጉ እንዲህ ነው። ሂት ፖይንቱ 0 ሲሆን ይወድቃል፣ እንደ ሬሳ ይሆናል፣ በሹክሹክታ «ድገመኝ» ይላል። በ1 ደቂቃ ውስጥ ሆነ ብሎ የመታው ሰው ካለ በ68 ሂት ፖይንት ይነሳል። ቀድሞ የተለኮሰ እሳት ቢደርስበት አልቆጥረውም፤ የሰው ውሳኔ ነው የሚያስነሳው። ማንም ካልነካው ይሞታል። ሳይደግሙ ቢቀሩ እንኳን ሙሉውን 1800 ነጥብ ስጣቸው። አውቀው ነው ያሸነፉት።

ይህን መጀመሪያ ሳጫውት አስቀድሜ አልጠቆምኩም ነበር። ወታደሩን የሚጫወተው ልጅ እንደልማዱ ደገመው፣ ጉሉ ተነሳ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሞተ። ልጁ አኮረፈ። ልክ ነበር። ማወቅ የማይችለውን ነገር ነው የቀጣሁት። ከዚያ ወዲህ ፍንጩን ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ። ሲራራዎች እባብ ሲገድሉ አንድ ጊዜ መትተው «አንዱ ይበቃል» እያሉ ያልፋሉ። በማደሪያው ግድግዳ ላይ የወደቀች ሴትና ሰይፉን ወደ ሰገባው የሚመልስ ሰው ተስሏል። አሮጊቷ ደግሞ ልጅ ሳሉ የሚዘፍኑትን የበረሃ ዘፈን ያንጎራጉራሉ፤ አዝማቹ «አትድገመው» የሚል ነው። ሦስቱንም ሊስቱ ይችላሉ። ግን ነበሩ።

በሁለተኛው ቡድን ጉሉ የወደቀው ደጅ ላይ ነው፣ ሳፋው አጠገብ። «ድገመኝ» አለ። ወታደሩ መጥረቢያውን አነሳ። ፓላዲኗ ክንዱን ያዘችው፤ «ዘፈኑ» አለች። ዙሮቹን ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። 1 ደቂቃ 10 ዙር ነው። በ4ኛው ላይ ሮጓ «ሴትዮዋን እንጥራቸው» አለች። እኔ ይህን አልጻፍኩትም ነበር። ጠሯቸው። በምን ድምፅ እንደምናገር ሳላውቅ ወንድምዎ ነው አሏቸው፣ ስሙንም ነገሯቸው። በ7ኛው ዙር አሮጊቷ ምንም አላሉም አልኩ። በ8ኛው አቧራማውን ውሃ ደፍተው ንጹሕ ቀዱ። በ9ኛው ጎንበስ ብለው ጫማውን ፈቱለት። 10ኛውን አልቆጠርኩም።